ለአሳማ የተጣለው መነጽር

ኑ ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ነፋሱ በባሕሩ በኩል ይሻላል፣ እዚያ ምሰሶው ሥር ተቀመጡ። እግራችሁን ግን ወደ ሰው አትዘርጉ፤ አጥፉት። እንደሱ። ስለ ታላሉፔ ልንገራችሁ። ላመሰግናት አይደለም፤ ያኔ ምስጋና የሚገባት ልጅ አልነበረችም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፣ ምላሷም እንደ ኮኮናት መፋቂያ ጥርስ ያለው። እኛ ሉፔ እንላት ነበር። እሷ እኛን ምን ትለን እንደነበር ይቅር።

የዚያን ቀን ጠዋት ሉፔ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ ፀጉሯን ትጎነጉናለች። አክስቷ ሞኤላንጊ ከወለሉ ጫፍ ላይ ቆመች፣ መነጽሯን ከዓይኗ አወለቀችና ወደ አሳማዎቹ በረት ወረወረችው።

«እንካ» አለችው ትልቁን አሳማ። «አንተ አድርገው። ምናልባት ፊትህን ያሳምርልህ ይሆናል።»

አሳማው አሸተተው፣ ረገጠው፣ ትቶት ሄደ።

«አክስቴ፣ ምን ማድረግዎ ነው?» አለች ሉፔ።

«ዓይኔ ተመለሰ» አለች ሞኤላንጊ፣ ዝናቡ አባራ እንደሚል ሰው ቀለል አድርጋ። «በእናቴ ዘር ዓይን ይደክማል እንጂ አይሞትም። አርፎ ይመለሳል። የዚያች የፉአቲኖ ዘር አይደለንም እኮ።»

ሞኤላንጊ የሉፔ የአባቷ ታላቅ እህት ናት። እናትና አባቷ ሥራ ፍለጋ ኒውዚላንድ ከሄዱ ወዲህ ሉፔን ያሳደገቻት እሷ ነች። በመንደራችን፣ ኧረ በመላው ሳቫኢ ደሴት፣ እንደሷ ስስ ምንጣፍ የሚሠራ እጅ አልነበረም። ፓንዳነስ የሚባለውን ዛፍ ቅጠል እንደ ክር እስኪቀጥን ትሰነጥቀዋለች፤ ሠርታ ስትጨርስ ምንጣፉ ጣት ላይ እንደ ሐር ይፈስሳል። ለሹመትም ለቀብርም እንዲህ ያለ ምንጣፍ ሲዘረጋ ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ታዲያ ዕድሜ ገባና ቅርብ ያለው ክር ይደበዝዝባት ጀመር። ወፍራም መነጽር ገዛች። ሴቶቹ በምንጣፍ መሥሪያው ቤት «የጠርሙስ ቂጥ መጣች» እያሉ ይስቁባት ነበር። ስሙን ያወጣችላት ፉአቲኖ ናት፤ ሁለተኛዋ ባለእጅ። ከሞኤላንጊ ቀጥሎ ሁለተኛ መባል ለፉአቲኖ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረ ነገር ነው።

አሁን እንግዲህ ሞኤላንጊ ያለ መነጽር ተቀምጣ በጣም ቀጭኗን ክር ታያለች። ሉፔ አላመነችም፤ ሉፔ ማንንም አታምንም። የመጽሐፍ ቅዱሱን የግርጌ ማስታወሻ፣ ያን ጉንዳን የሚያክል ፊደል፣ አምጥታ ሰጠቻት። አክስቷ ሳትንተባተብ አነበበችው።

«ሌላስ ጥያቄ አለሽ፣ ዶክተር?» አለቻት።

ሉፔ ትከሻዋን ነቀነቀች። ምንጣፍ ሥራ በሷ ዓይን የፋራ ሥራ ነበር። ወር ሙሉ ጎንበስ ብሎ አንድ ክንድ ቅጠል መሥራት። አክስቷ አየችም አላየችም ምን አገባት። ሆኖም አንዳንድ ነገር ሳትፈልግ ታይ ነበር። አክስቷ ውሃ አትጠግብም፤ ማሰሮ ሙሉ በስኳር የጣፈጠ ካካዎ ጠጥታ እንደገና ይጠማታል። ሌሊት ደጋግማ ወደ ሽንት ቤት ትወጣለች። ባለፈው ዓመት የጤና ጣቢያው ነርስ ስኳር አለብሽ ብሎ የሰጣት ኪኒን ደግሞ ከተጠቀለሉት ምንጣፎች ሥር፣ ቅርጫት ውስጥ፣ ሳይከፈት ተቀምጧል።

«ስኳር የደካማ ሰው በሽታ ነው» ትላለች ሞኤላንጊ። «የአጎትሽን ልጅ አላየሽም? አንድ እግሩን ሐኪም ቤት ረስቶ የመጣውን። እኔ እሱን እመስላለሁ?»

በመጣው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ቀርቧል። ዓሣ፣ ጎደሬ፣ በኮኮናት ወተት የበሰለ የጎደሬ ቅጠል። ቤቶቻችን ግድግዳ የላቸውም፤ የሚያልፍ ሁሉ ይታያል። እየበሉ ያለፈን ሰው ዝም ማለት ነውር ነው፤ መጥራት ግዴታ ነው። የተጠራውም ወጉን ያውቃል፤ «ጠግቤያለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ያልፋል። ተጠርቶ የሚገባ ሰው ብዙ አይደለም። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ከኮኮናቱ ዛፍ ወዲያ አንዲት ሴት መጣች። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ባርኔጣ፤ እሑድ እሑድ ሴቱ ሁሉ እንደዚያ ነው። ሞኤላንጊ ቀና ብላ ፈገግ አለች።

«ሲቫይ፣ እህቴ፣ ነይ ግቢ። እንብላ።»

ሲቫይ የልብ ጓደኛዋ ናት። ሴትየዋ ቆመች። ሉፔ ወደ አክስቷ ጠጋ አለች።

«አክስቴ» አለች በሹክሹክታ፣ «ፉአቲኖ ናት።»

ዘግይታለች። ፉአቲኖና ሞኤላንጊ በመዘምራን መሪነት ከተጣሉ ጀምሮ አፍ ለአፍ ተነጋግረው አያውቁም። ፉአቲኖ ግን ባርኔጣዋን አወለቀች፣ እግሯን ታጠበች፣ ገብታ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ትልቁን ዓሣ መርጣ ወደ ራሷ ሳበች።

«ሲቫይ አልሽኝ» አለች እያላመጠች። «ስሜን የቀየርሽው መቼ ነው?»

«ቀልድ ነዋ» አለች ሞኤላንጊ። ፊቷ ግን ቀልቷል።

«ጥሩ ቀልድ ነው። ዓሣውም ጥሩ ነው።» ፉአቲኖ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅማ፣ ጣቷን ጠርጋ፣ ቀስ ብላ ተነሳች። «ዓይንሽ ተመለሰ ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ከየት እንደተመለሰ ግን አልነገሩኝም። ግማሹ መንገድ ላይ ሳይቀር አይቀርም።»

እስከ ማታ ድረስ ወሬው መንደሩን ሁለት ጊዜ ዞረ። ሞኤላንጊ ታውራለች አለ ሰው። ሞኤላንጊ እንግዳ በጥላ ትመርጣለች አለ ሌላው። ልጆች እርስ በርሳቸው ሲገናኙ «ሲቫይ፣ ነይ ግቢ» እየተባባሉ በሳቅ ይንፈራፈሩ ጀመር።

ትምህርት ቤት የፉአቲኖ ልጅ ፔሌ ሉፔን ከቧንቧው ጋ አገኘቻት። አንድ ክፍል ናቸው። ጓደኛሞች አልነበሩም፤ ግን ጠላት ለመሆንም ሰነፎች ነበሩ።

«አክስትሽ ተአምር ሆነች አሉ» አለች ፔሌ። «እናቴን ምሳ ጋበዘቻት። ሙድ ይዛባት ነው ወይስ የእውነት አላየቻትም?»

«እናትሽ ናት እንጂ። ቤታችሁ ምሳ ስለሌለ ገባች።»

«አቦ ተይ፣ ቀሽም ነሽ። ገንፎ የመሰለ ጎደሬያችሁን ብላ ሆዷን አመማት።»

«ዓሣውንስ? እስከ ራሱ ነው የበላችው።»

ፔሌ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ወዴት እንደሄደ ሳይታወቅ ፊቷ ጠቆረ። ቧንቧውን ዘጋች።

«መነጽሯን ጣለች አይደል? የእናቴ ወንድምም ጥሎ ነበር። ዓይኔን ተሻለኝ ብሎ ድግስ ደግሷል። ስቀንበት ነበር፣ ደስ ብሎናል። አሁን ሽንት ቤት የምመራው እኔ ነኝ። በር ላይ ቆሜ ዘፈን እዘፍናለሁ፣ ድምፄን ሰምቶ እንዲወጣ።»

 

ከትምህርት በኋላ ሉፔ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ነርሱ ኢዮአኔ ደጃፉ ላይ ሙዝ ይልጣል። ከሰው ሁሉ ጋር የሚጨቃጨቅ፣ ሰው ሁሉ የሚሰድበው፣ ታሞ ሲተኛ ግን ሰው ሁሉ የሚጠራው ዓይነት ሰው ነው።

«መነጽር ያደርግ የነበረ ሰው ድንገት ያለ መነጽር ማንበብ ቢጀምር ምንድን ነው?» አለችው።

«ተአምር ነዋ» አለ ኢዮአኔ ሳቅ ሳይል። «እዚህ ደሴት ላይ ብዙ ተአምር አይቻለሁ። መጀመሪያ መነጽር ይጥላሉ፣ ቀጥሎ የዕውር ምርኩዝ ያነሳሉ።»

«ስለማን እንደሆነ አልነገርኩዎትም።»

«እኔም አልጠየቅኩም። ስለ ሰው አላወራም። ስለ ዓይን ከሆነ ቁጭ በይ።»

ሙዙን ከሁለት ቆርሶ ግማሹን ሰጣት።

«ዓይን ውስጥ ሌንስ አለች፤ ብርሃን የሚያልፍባት፣ እንደ ጠብታ ውሃ የጠራች። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ወደ ሌንሷ ይገባል። ለመግባት በሩ ክፍት ነው። እዚያ ከገባ በኋላ ግን ይለወጥና ሌላ ዓይነት ስኳር ይሆናል፤ ሶርቢቶል ይሉታል። እሱ እንደልቡ አይወጣም። ለቀብር መጥቶ ወር የሚቀመጥ ዘመድ ታውቂያለሽ?»

«ሞልተዋል።»

«እንደሱ ነው። ገባ፣ ተቀመጠ፣ አሁን ደግሞ ውሃ አምጡ ይላል። ውሃ ይስባል። ሌንሷ ታብጣለች፤ ባሕር ውስጥ እንደምትዘፈዝፉት ቅጠል። ስታብጥ ቅርብ ያለው ነገር ይጠራል። ሩቁ ይደበዝዛል። ሰውየው ግን እጁን ብቻ አይቶ ዳንኩ ይላል። የዳነ ዓይን አይደለም፣ ውሃ የጠጣ ዓይን ነው።»

ሉፔ ሙዙን በእጇ እንደያዘች ቀረች። «ታዲያ ቅርብ ካየች ምን ችግር አለው?»

«ሌንሷ ብቻ ብትሆን ባልተጨቃጨቅኩ። ከኋላ ዓይን ሥዕሉን የሚቀበልበት ስስ መጋረጃ አለ። ያው ስኳር የመጋረጃውን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያበላሻቸዋል። ያንጠባጥባሉ። አያምም። ባያምም እየሆነ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጥቁር ነገር ዓይኑ ላይ ይወርድበታል፣ ያኔ ወደ እኔ ሮጦ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ያኔ ምንም ማድረግ አልችልም።»

«መድኃኒት ከወሰደችስ?»

ኢዮአኔ የሙዙን ልጣጭ ለዶሮዎቹ ወረወረ። «ውሃው ይወጣል፣ ሌንሷ ትሟሽሻለች። ያን ጊዜ ቅርቡ እንደገና ይደበዝዛል። እና ምን ይላሉ መሰለሽ? ነርሱ በኪኒን ዓይኔን አጠፋው። ኪኒኑን ለባሕር ይጥሉታል። እኔን ይሰድቡኛል። ከበሽታው በላይ የሚያናድደኝ እሱ ነው።»

ማታ ሉፔ ይህን ሁሉ ለአክስቷ ልትነግራት አፏን ስትከፍት፣ ሞኤላንጊ ቀድማ የምትለው ነበራት።

«ሐሙስ የሴቶች ኮሚቴ ቀን ነው። ያ ነርስ የዓይን ሰሌዳውን ይዞ ይመጣል። ብቀር ኮሚቴው አሳማ ያስከፍለኛል፣ ፉአቲኖም ፈራች ትላለች። አልቀርም። አንቺ ማራገቢያ ይዘሽ ከሰሌዳው ሥር ትቀመጫለሽ።»

«ለምን?»

«ማበጠሪያ የሚመስለው ምልክት ጥርሱ ወደ ላይ ከሆነ ማራገቢያውን ወደ ላይ ታነሺዋለሽ። ወደ ታች ከሆነ ወደ ታች። ወደ ጎን ከሆነ ወደ ጎን። ማራገቢያው ትልቅ ነው፣ ይታየኛል። አራተኛውን መስመር ያለፈ ሰው ጣቱ ለስኳር ምርመራ አይወጋም። የፉአቲኖም አፍ ይዘጋል።»

ሉፔ ያን ጊዜ ነገረቻት። ስለ ሌንሷ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ መጋረጃው። ሞኤላንጊ ከሥራዋ ቀና ሳትል አዳመጠች።

«ይህን ሁሉ ዓመት አብልቼሽ» አለች በመጨረሻ፣ «ዓይኔ ውስጥ ያገኘሽው ስኳር ነው?»

«አክስቴ፣ ሩቅ አያዩም እኮ።»

«ሩቅ ማየት ምን ሊያደርግልኝ? ሩቅ ያለችው ፉአቲኖ ናት።» ክሩን ሳበች። «ኪኒኑን ብወስድስ? እውነቱን ንገሪኝ።»

ሉፔ ልትዋሽ ትችል ነበር። «ለጊዜው ቅርቡ ይደበዝዛል» አለች።

«ይኸው። ምንጣፌ በመንደሩ ሜዳ ለሰው ሁሉ ሊታይ ሁለት እሑድ ሲቀረው፣ የቀረኝ ከሁሉ ስሱ መስመር ሆኖ ሳለ፣ ዓይኔን ቀምታችሁ ያንን ዝተት የፉአቲኖን ምንጣፍ ልታስጨበጭቡለት ነው።» ከዚያ ሥራዋን አስቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ ሉፔ አዞረች። «የአባትሽ እህት ነኝ። ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ሌላ አልጨመረችም፣ መጨመርም አያስፈልጋትም። የአባት እህት እርግማን እኛ ዘንድ እስከ ልጅ ልጅ ይዘልቃል ይባላል። ሉፔ ፓስተሩን ትንቃለች፣ መምህሩን ትንቃለች፣ እኛን ሽማግሌዎቹን ከነምርኩዛችን ትንቃለች። ይህችን አንዲት ነገር ግን አልናቀቻትም። የዚያን ምሽት እራት አልበላችም።

ሐሙስ ደረሰ። የኮሚቴው ቤት በሴቶች ሞላ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ፣ ሁሉም ማራገቢያ፣ ሁሉም ወሬ። ኢዮአኔ ሰሌዳውን በምሰሶ ላይ ሰቀለ።

«ሕጉን ታውቃላችሁ» አለ። «አራተኛውን መስመር ያነበበች ትሂድ። ያላነበበች ጣቷን ትሰጠኛለች። ያለቅሳል እንጂ ጣት አይሞትም።»

ፉአቲኖ ተነሳች፣ አነበበች፣ አለፈች። ስትመለስ መሬቱን ሁሉ የገዛች መስላ ተቀመጠች። ሉፔ ከሰሌዳው ሥር ናት፤ ማራገቢያዋ እርጥብ እጇ ውስጥ ይንሸራተታል። ፔሌ ከእናቷ ኋላ ተቀምጣ ታያታለች።

«ሞኤላንጊ» አለ ኢዮአኔ።

ሞኤላንጊ በዚያ ጫፍ ተቀመጠች። አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። ኢዮአኔ የላይኛውን ምልክት በዘንግ ነካ። ሉፔ ማራገቢያዋን ወደ ቀኝ አዘነበለች።

«ወደ ቀኝ» አለች ሞኤላንጊ።

ሁለተኛው። ማራገቢያው ወደ ላይ። «ወደ ላይ።» ሴቶቹ አጉረመረሙ። ሲቫይ ጭኗን መታች። ሦስተኛው። ማራገቢያው ወደ ታች። «ወደ ታች። ሕፃን ነው እንዴ የምትፈትነው፣ ኢዮአኔ? ከበድ ያለ አምጣ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ኢዮአኔ ዘንጉን ወደ አራተኛው መስመር አወረደ።

ያኔ ሉፔ የአክስቷን ፊት አየችው። ሞኤላንጊ ሰሌዳውን አትመለከትም። ዓይኗ፣ ያ ማንንም ከላይ ወደ ታች የሚያይ ዓይን፣ ሉፔ እጅ ላይ ያለችውን ማራገቢያ ሙጥኝ ብሏል። ጠብቦ፣ ተጨንቆ፣ ልክ ሽንት ቤት ውስጥ ቆሞ የፔሌን ዘፈን እንደሚጠብቅ ሰው። ሉፔ እንደዚያ አድርጎ ያያት ሰው ኖሮ አያውቅም። እንዲያያትም አልፈለገችም።

ማራገቢያዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

 ሞኤላንጊ ጠበቀች።

«ሉፔ» አለች ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «አይሞቅሽም?»

«አይሞቀኝም፣ አክስቴ።»

«ሙቀት ነው እኮ። ላብሽ ይታየኛል።»

ላቡ በእርግጥ በጆሮ ግንዷ ይወርድ ነበር። ከዚያ ርቀት ግን ሞኤላንጊ ልታየው አትችልም፤ ሁለቱም ያውቁታል።

«እንዲያውም በረደኝ» አለች ሉፔ።

ኢዮአኔ ዘንጉን አላነቃነቀም። ሞኤላንጊ «ወደ ግራ» አለች። ወደ ላይ ነበር። «ወደ ቀኝ» አለች። ወደ ታች ነበር። ከኋላ አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች፣ ሌላዋ ተከተለች። ያን ጊዜ ፉአቲኖ ማራገቢያዋን ወለሉ ላይ ጠፍ አደረገችው፤ ሳቁ ቆመ።

«ሞኤላንጊ» አለች፣ «እኔ ያወቅኩት ምሳ የጠራሽኝ ቀን ነው። ዓይን ያለው ሰው እኔን ለምሳ አይጠራም። ጣትሽን ስጪውና ይገላግለን፣ ርቦናል።»

ሞኤላንጊ ጣቷን ሰጠች። ስትሰጥ ወደ ማንም አላየችም። ኢዮአኔ ትንሿን ማሽን አነበበ፣ እንደገና አነበበ፣ ቀልዱን አቆመ። ከቀትር በፊት በኮሚቴው መኪና ወደ ሆስፒታል ወሰዳት።

ብዙ ሳትቆይ ተመለሰች። መጋረጃው ላይ ማንጠባጠብ ጀምሯል፣ ግን ገና ነው ብለዋታል። ኪኒንም መርፌም ይዛ መጣች። ካካዎውን ያለ ስኳር ጠጣች፤ በጠጣችው ቁጥር ለኢዮአኔ የሚሆን ስድብ ትጨምርበታለች። ሉፔን አልረገመቻትም። አላናገረቻትምም። የምትፈልገውን ሁሉ ለትልቁ አሳማ ትነግረው ጀመር።

«አንተ» ትለዋለች ከወለሉ ጫፍ ሆና፣ «ያቺን ልጅ ጎደሬው እያረረ ነው በላት።»

ወይም፣ «አንተ፣ የዚህን ቤት ሰው መርፌዬን የት እንዳኖረ ጠይቅልኝ።»

ሉፔም ጎደሬውን ታወጣለች፣ መርፌውን ታመጣለች። ለአሳማው «አቀብላታለሁ በላት» ትላለች። በዚህ ሁኔታ ቀናት አለፉ። አሳማው ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ያን ያህል ተከብሮ አያውቅም።

ነርሱ እንዳለው ሆነ። ውሃው ከሌንሷ ሲወጣ ሞኤላንጊ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በስሙ መጥራት ጀመረች፤ ፉአቲኖ ስታልፍ ለይታ ዝም ትላለች። ክሩ ግን ከእጇ ሥር ጠፋባት። ምንጣፉ በዚያ እሑድ አልወጣም። የፉአቲኖ ምንጣፍ ሜዳውን ዞረ፣ ተጨበጨበለት። ሞኤላንጊ ከቤቷ ሆና ጭብጨባውን ሰማች፤ «ጠርዙ ተጣሟል፣ ከዚህ ይታየኛል» አለችው ለአሳማው።

በማግስቱ ሉፔ ከትምህርት ቤት መጥታ ልብሷን ሳትቀይር አሳማዎቹ በረት ገባች። ጭቃውን በእጇ አገላበጠችው። ፔሌ በመንገድ ስታልፍ አየቻት።

«ምን እየሠራሽ ነው? ዘመድ ፍለጋ ነው?»

«እናትሽን አገኘኋት፣ ሰላም ብላሻለች።»

ፔሌ እየሳቀች አለፈች። ሉፔ መነጽሩን አገኘችው። አንድ ጆሮው ተሰብሯል፣ አንዱ መስታወት ጫፉ ተሸርፏል። ባሕር ወስዳ አጠበችው፣ የተሰበረውን በፓንዳነስ ክር አሰረችው፣ አምጥታ ምንጣፉ አጠገብ አኖረችው። 

ሞኤላንጊ ብዙ ቆይታ አነሳችው። አሸተተችው፣ ፊቷን አጨማደደች፣ አደረገችው። መጀመሪያ ወደ ምንጣፉ፣ ከዚያ ወደ ሉፔ አየች።

«ለካ ብጉር አውጥተሻል» አለቻት።

ከኮሚቴው ቀን ወዲህ በቀጥታ የነገረቻት የመጀመሪያው ቃል ነው።

«የቆየ ነው» አለች ሉፔ።

ሞኤላንጊ ጎንበስ ብላ ክሩን ያዘች። መነጽሩ የድሮ ነው፤ ኢዮአኔ ዓይንሽ እስኪረጋ አዲስ አይታዘዝልሽም ብሏታል። ወፍራሙን መስመር ታየዋለች፣ ስሱ ግን ይሟሟባታል። ፈታች፣ ጀመረች፣ እንደገና ፈታች። ርዳታ ጠይቃ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልጠየቀችም። ብቻ ጉልበቷን ትንሽ ወደ ጎን አሸሸች፣ አጠገቧ አንዲት ልጅ የምታህል ቦታ ተከፈተ።

ከመንገዱ ማዶ የሉፔ ክፍል ልጆች ወደ ኳስ ሲሮጡ ይሰማል። ቀሚሷ ላይ የአሳማ ጭቃ ደርቋል። ያንን ቅጠል፣ ያንን የፋራ ሥራ፣ ቆማ አየችው።

ከዚያ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች።

«በየት በኩል ነው የሚያዘው?» አለች።

«እንደዚህ አይደለም» አለች ሞኤላንጊ። «እጅሽ የአሳማ እግር ነው። ስጪኝ።»

በሉ ልጆች፣ መሸ፣ እናቶቻችሁ ይጠብቃሉ። ተነሱ፣ ቀስ ብላችሁ፣ ምንጣፉን አትርገጡብኝ፤ ጠርዙ ላይ ያሉትን ጠማማ መስመሮች የሠራቻቸው ማን እንደሆነች አሁን ታውቃላችሁ። አንዲት ነገር ብቻ እባካችሁ አትርሱብኝ፦ ያቺን በሙቀት ቀን ጭን ላይ ያረፈች ማራገቢያ።